የአራት ቁጥር ሚዛን

ደንበኛው ራሱ ዕቃውን ስካን አድርጎ የሚከፍልባቸውን ስድስት ማሽኖች ለብቻዬ እጠብቃለሁ። ድሮ ስድስት ካሸሮች ይቆሙበት የነበረ ቦታ ነው፤ አሁን ስድስት ስክሪንና አንድ ኑሃሚን ቀርተናል። ሰው ማሽኑ ላይ ይናደድና የሚሳደበው እኔን ነው። ባርኮዱን ገልብጦ ይዞ «አይሠራም» የሚለው፣ አንድ ስጋ ስካን አድርጎ ፌስታሉ ውስጥ ሁለት የሚከተው፣ የሙዝ ዋጋ ለምን ጨመረ ብሎ የሚጮኸው፣ ሁሉም የእኔ ዕዳ ነው። ማሽኑ አንድ ነገር አልገባ ሲለው አናቱ ላይ ያለው መብራት ቀይ ይሆናል፤ ከዚያ ለስላሳ የሴት ድምፅ በእንግሊዝኛ «እርዳታ እየመጣ ነው» ትላለች። እርዳታ የተባልኩት እኔ ነኝ።

እውነቱን ለመናገር ብዙ ጊዜ አልመጣም። ስልክ የምታክል መሣሪያ በእጄ ይዣለሁ፤ የትኛው ማሽን እንደጮኸ ትነግረኛለች። በአውራ ጣቴ ነካ ሳደርጋት ጩኸቱ ይጠፋል፣ ሰውየውም ይቀጥላል። ከቆምኩበት ንቅንቅ ማለት፣ ቀና ብሎ ማየትም አያስፈልገኝም። ከአሥር ጩኸት ዘጠኙ የሚዛን ነው። ፌስታሉ የሚቀመጥበት ቦታ ራሱ ሚዛን ስለሆነ፣ ያልተመዘገበ ነገር ካረፈበት፣ የሕፃን እጅ እንኳ ቢሆን፣ ይጮኻል።

ጋሽ ገብረሕይወት ይህን አልቀበልም ያሉ ሰው ነበሩ። ሱቁ አጠገብ ስኮትዴል የሚባለው ሰፈር ነበር የሚኖሩት፤ ብዙ ዓመት ከኤርፖርት ሰው ሲያመላልሱ ኖረው ጡረታ ወጥተው ነበር። ለእኔ ስለሚቀርብ ሁልጊዜ አራት ቁጥር ላይ ነው የሚቆሙት። መጀመሪያ ማሽኑን «እንደምን ዋልሽ» ይሉታል። ከዚያ የሰፈር ሱቅ ባንኮኒ ላይ እንደቆመ ሰው ቀኝ እጃቸውን ሚዛኑ ላይ ደገፍ አድርገው በግራቸው ሽንኩርታቸውን ይፈልጋሉ። ይጮኻል።

«ጋሼ፣ እጅዎ!»

«እጄ ምን አደረገች?»

«ሚዛን ላይ ነው ያሳረፉት። ስኬል እኮ ነው፣ ጋሼ!»

«እና እኔን መዝና ልትሸጠኝ ነው?» ብለው ይስቃሉ። እኔም ስቄ አጠፋዋለሁ። በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ነበርን።

ባለፈው መኸር አንድ ማክሰኞ ከሰዓት ገቡ። ሰላም አሉኝ። ፊታቸው ገርጥቶ ነበር መሰለኝ፤ ወይም አሁን ነው እንደዚያ የማስታውሰው። አንድ ቁጥር ላይ አንዲት ሴት የዋጋ ቅናሽ ኩፖኗ አልሠራ ብሏት ትጮህብኛለች። መሣሪያዬ ነዘረች፦ አራት ቁጥር፣ ሚዛን። የጋሼ እጅ ነው ብዬ አጠፋሁ። ነዘረች፣ አጠፋሁ። ሦስተኛ ጊዜ ስትነዝር ጀርባዬን እንደሰጠሁ «ኧረ ጋሼ!» አልኩና አጠፋሁ። ከዚያ ሽንኩርት ወለሉ ላይ ሲንከባለል ሰማሁ።

ስደርስ ወድቀዋል። አንድ ደንበኛ አምቡላንስ እየጠራ ነው። ዓይናቸው ተከፍቷል፣ ግን ማንንም አያይም። በማግስቱ ማናጀሩ የካሜራውን ቪዲዮ ሲያይ ከኋላው ቆሜ አየሁት። ሰባት ደቂቃ ነው። ጋሼ በሁለት እጃቸው ሚዛኑን ተደግፈው፣ ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው ቆመዋል። አፋቸው ይንቀሳቀሳል። የእኔ ጀርባ ብቻ ይታያል።

ልቅሶ ቤት ባለቤታቸው እትዬ የሺእመቤት አጠገባቸው አስቀመጡኝ። «ብቻውን ነበር?» አሉኝ። «አልነበሩም» አልኩ። «ከጎናቸው ነበርኩ፣ እጃቸውን ይዤ ነበር። አልተሠቃዩም።» ለማጽናናት ነው ያልኩት፤ ደግሞም ፈርቼ ነው። እትዬ እጄን አገላብጠው ሳሙት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የማላውቃቸው ሰዎች ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ይመርቁኛል። ምርቃቱ ያሳክከኛል።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ አራት ቁጥር አላስተኛኝም። ጠዋት ገና ሱቁ ሲከፈት፣ አንድም ደንበኛ ሳይገባ፣ መብራቱ ቀይ ይሆንና «እርዳታ እየመጣ ነው» ትላለች። ሚዛኑ ላይ ምንም የለም። ከሩቅ ሳጠፋው እንደገና ይጮኻል። አጠፋለሁ፣ ይጮኻል። ሄጄ አጠገቡ ስቆም ብቻ ነው ዝም የሚለው። ቴክኒሻኑ ሦስት ጊዜ መጣ፤ መጨረሻ ላይ ሚዛኑን በሙሉ አውጥቶ አዲስ ገጠመ። «ፐርፌክት ነው» ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ ጠዋት ጮኸ። አሁን በመሣሪያዬ ማጥፋት ትቻለሁ፤ በጮኸ ቁጥር ሄጄ እቆማለሁ። ባዶውን ሚዛን በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ከሥር እጄን ሲሞቀኝ እሸሻለሁ። ሞቀኝ ያልኩት የእውነቴን ነው። የእጅ ሙቀት ያለው ይመስለኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እትዬ የሺእመቤት መጡ። እስከዚያ ልጃቸው ራቅ ያለ ሌላ ሱቅ፣ ስማይርና ድረስ ወስዳ ነበር የምታስገበያቸው፤ በዚያን ዕለት ብቻቸውን ነበሩ። ጥቁራቸውን አላወለቁም። ጋሪያቸው ውስጥ ምስርና ሽንኩርት አለ።

«የቆመበትን አሳዪኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

«ሌላ ማሽን ይሻልዎታል፣ እትዬ፣ ይሄኛው ያስቸግራል።»

«እሱ የቆመበት ይሁንልኝ።»

አራት ቁጥር ጋ ወሰድኳቸው። ዛሬ ብቻ ዝም በል ብዬ በልቤ ለመንኩት። ምስሩን እንዴት ስካን እንደሚያደርጉ አሳየኋቸው። «እኔ ልሞክር» አሉኝ። ሌላ ደንበኛ ጠራኝና ሁለት እርምጃ ራቅ አልኩ። መሣሪያዬ ነዘረች። አራት ቁጥር፣ ሚዛን።

ጣቴ ከልማዱ ወደ ስክሪኑ ሄደ። ቀና አልኩ። እትዬ ቀኝ እጃቸውን ልክ እንደ ጋሼ ሚዛኑ ላይ ደገፍ አድርገው ደክሟቸው ቆመዋል። ሮጥኩ ማለት ይቻላል።

«ምንድነው የምትለው ይቺ?» አሉ ድምፁን እየሰሙ። እንግሊዝኛ እምብዛም አይችሉም።

ሌላ ነገር ማለት እችል ነበር። እጅዎን ያንሡ ነው የምትለው ብል ያምኑኝ ነበር፣ እዚያው ላይም ያልቅ ነበር።

«እርዳታ እየመጣ ነው ትላለች።»

ስክሪኑን አዩት። «ለእሱም እንዲህ ብላው ነበር?»

«አዎ።»

«ስንት ጊዜ?»

ከኋላችን ሰው ተሰልፏል፤ አንዱ ጮክ ብሎ ተነፈሰ።

«ሦስት ጊዜ።»

«እርዳታው ማን ነበር?»

«እኔ ነበርኩ፣ እትዬ።»

መሣሪያዬን አዩ፣ ከዚያ እኔን። «አልመጣሽም?»

«እዚያ ነበር የቆምኩት። ይቺን ነካ አድርጌ አጠፋኋት። እንደ ሁልጊዜው እጃቸውን ያሳረፉበት መስሎኝ ነው። ሦስቴም አጠፋኋት።»

«እጁን ይዤ ነበር ያልሽኝስ?»

«አልያዝኩም። ማንም አልያዛቸውም።»

ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅሁ። ቢጮኹብኝ፣ ቢሰድቡኝ እወድ ነበር። እሳቸው ግን ወደ ሚዛኑ ጎንበስ ብለው ግራ እጃቸውንም ጨምረው አሳረፉበት፤ ሙሉ ክብደታቸውን ጣሉበት። መብራቱ አናታችን ላይ ቀላ። «እርዳታ እየመጣ ነው» አለች።

አጠገባቸው ነበርኩ። እጄን ዘረጋሁላቸው። አልያዙትም።