የግራው እጅጌ

አሥራ ዘጠኝ ቀን ሆስፒታል ስተኛ ወንድሜ አንድ ቀን እንኳ ብቅ አላለም። በስልክ ብቻ ነበር የሚያናግረኝ። ባለቤቴ ስልኩን ጮክ አድርጋ ትራሴ አጠገብ ታስቀምጣለች፣ እሱ ደግሞ ከሩቅ ሆኖ «ጋሼ፣ ዛሬስ እንዴት አደርክ?» ይለኛል። እኔ ግን አልመልስለትም። በኋላ ይህን ሳነሳ ባለቤቴ «ኧረ በየቀኑ ይመጣ ነበር» ብላ ትሟገተኛለች። ቤት እንዳይበጠበጥ ስትል ዓይኗን ሳታሽ የምትዋሽ ሴት ናት፣ ስለዚህ ጆሮዬን አልሰጠኋትም።

ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። ጭንቅላቴ ውስጥ የደም ሥር ተዘግቶ የወደቅሁት እዚያው መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። እጄና እግሬ ቶሎ ተመለሱልኝ። ወንድሜ ግን ወንበሬ ሳይቀዘቅዝ ተቀምጦበት ጠበቀኝ። እኔው ያስተማርኩት ልጅ፣ የአባታችንን ትልቁን መቀስ አንጠልጥሎ «አንተ አሁን እረፍ» አለኝ። ቂሜን ቋጥሬ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ከዚያ በየሐሙሱ ለማገገሚያ ስፖርት የሰፈሩ አዳራሽ መሄድ መጣ። ከወንበር የምንነሳ፣ እንደገና የምንቀመጥ፣ ኳስ የምንቀባበል ትልልቅ ሰዎች ነን። እጁ የሚንቀጠቀጥ ጡረተኛ መምህር አለ፣ ጭንቅላቱን የተመታ ሹፌር አለ። የምታሠራን ልጅ ቀይ ሪባን ከእጇ አይጠፋም፣ ስለዚህ ስሟን «ሪባን» አልኳት። በሁሉም ነገር ግራ ጫፍ ላይ ታስራለች፣ በወረቀቱም፣ በትሪውም፣ በበሩም።

«ጋሼ፣ ዓይንዎ ደህና ነው» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። «አንጎልዎ ነው የግራውን በኩል የሚተወው። ከባዱ ነገር፣ እንደተወው አይነግርዎትም። ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ሲሠሩ አንገትዎን እስከ ቀዩ ድረስ ያዙሩ።»

«ማየቴንማ አያለሁ» አልኳት።

«እሱ ነው ችግሩ» አለች። ደሜ ፈላ። የልጅ ልጄ ልትሆን ምንም ያልቀራት ልጅ እያየሁ የማላይ ይመስል ታስተምረኛለች!

ቤትም ያው ነበር። ባለቤቴ ግማሽ ሰሃን ምግብ እየሰጠች ታስርበኛለች ብዬ ስጮህ፣ ሰሃኑን ታዞረዋለች፣ ምግብ ይገኝበታል። ከየት አመጣችው? የግራ ትከሻዬ ከበሩ መቃን ጋር እየተላተመ ጠቁሯል። ዕቃ ታዘዋውራለች ብዬ ከሰስኳት። መኝታ ቤት ያሰረችውን ሪባን በጣጥሼ ጣልኩት። እሷም ሌላ አሰረች።

በመጨረሻ መቀሴን ልቀበል ሱቅ ድረስ ሄድኩ። ወንድሜ አልሰጥም አለ። «የሰው ልብስ አበላሽተህ ስምህ እንዲጠፋ አልፈልግም» አለኝ።

«ስሜ ነው ያሳሰበህ ወንበሬ?»

«የፈለግከውን በል።»

ነገሩን የሸመገለችው ሪባን ናት። ለወንድሜ አንድ ሸሚዝ ከመቁረጥ እስከ መተኮስ ብቻዬን ልሠራ፣ ማንም ላይናገር። ከተሳካልኝ መቀሱ የኔ ነው። ካልተሳካ ስድስት ወር አዳራሽ፣ የደንበኛ ጨርቅ ላልነካ። «እሺ» አልኩ። ሸሚዝ እኮ ተኝቼም እሰፋለሁ!

ረቡዕ ጠዋት ሱቁ ውስጥ፣ ወንድሜ፣ ባለቤቴና ሪባን ባሉበት ጀመርኩ። ሪባን ያችን ቀይ ጨርቋን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ ስታስር አይቻታለሁ፣ ከዚያ ረሳኋት። ጨርቁን ለሁለት አጥፌ እጅጌውን ቆረጥኩ። እጅጌ እንዲህ ነው የሚቆረጠው፣ አንዴ ትቆርጣለህ፣ ሁለት ይወጣልሃል። አንዱን ወደዚህ፣ አንዱን ወደዚያ አደረግሁ። እጄ አልረሳም! ኮሌታው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ የቁልፎቹ ቀዳዳ የተለካ ነበር። ወንድሜ ትንሽ አይቶኝ ጠፋ። ሻይ ሊጠጣ ሄደ፣ ምን ቸገረው፣ አልኩ በልቤ። እንደ ሆስፒታሉ ነው።

ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። ተኮስኩት፣ ሰቀልኩት፣ ደረቴን ነፋሁ። «የት ሄደ ያ ሰውዬ? ይምጣና ይልበስ!»

«እዚህ ነኝ» አለ ድምፁ። ከየት እንደሆነ ሳላውቅ ፊቴ መጥቶ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆመ። ቀኝ እጁን አስገባ። ቆለፈ። ቀሚስ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ ሳቋን ለመያዝ ወደ ውጭ ዞረች። ወንድሜም ትንሽ ወደ ጎን ዞረና የግራ ክንዱ እስከ ትከሻው ራቁቱን ታየኝ።

«እጅጌውን ደበቅኸው!» ብዬ ጮህኩ። «ሌባ! ሱቄን አልበቃህ ብሎ! አልሞትልህ ስል በገዛ ጠረጴዛዬ ልታሳብደኝ! ስሞት እንኳ ልታየኝ ያልመጣህ!»

ባለቤቴ አፏን በእጇ ያዘች። የወንድሜ ፊት ነጣ።

«ጋሼ፣ እስከ ቀዩ ይዙሩ» አለች ሪባን።

ላሳፍራት ብዬ ዞርኩ። ካውያውን አየሁ። መስኮቱን አየሁ። ከዚያ በላይ ነገር የለም ብዬ ልመለስ ስል «ገና ነው» አለችኝ። አንገቴ እስኪያመኝ ገፋሁት። የጠረጴዛው ጫፍ መጣ። እጅጌው እዚያ ተኝቷል፣ የገዛ ጠመኔዬ ምልክት አለበት። ከአጠገቡ ቀዩ ሪባን። ከሪባኑ ወዲያ አንድ በርጩማ ነበር፣ የወንድሜ ኮት ተደርቦበታል፣ ከሥሩ ያልተጠጣ ሻይ በብርጭቆ ቀዝቅዟል። የትም አልሄደም ነበር። ሦስቱንም ሰዓት አንድ ክንድ ርቀት ላይ ተቀምጦ ያየኝ ነበር።

ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። «ሆስፒታል የአስታማሚ ወንበሩ በየት በኩል ነበር?»

«በግራህ። በቀኝህማ ግድግዳ ነው።»

«ስልኩስ?»

«የምን ስልክ?» አለች።

ወንድሜ ሸሚዙን እያወለቀ ነበር። «አሥራ ዘጠኝ ቀን» አለ፣ «የግራ እጅህን ይዤ። ጋሼ እያልኩ። አንተ ግድግዳ እያየህ አፍህን ዘጋህብኝ። እኔም ጠልቶኛል ብዬ ጠላሁህ።»

ይቅርታ ማለት ነበረብኝ። ምላሴ ላይ ያለው ስድብ ብቻ ስለነበር አላልኩም። «እጅጌውን አቀብለኝ» አልኩት።

«አላቀብልህም። መቀሱንም አልሰጥህም፣ ስድስት ወርህን ጨርስ።» ሸሚዙን ፊቴ ጣለና ተመልሶ በርጩማው ላይ ተቀመጠ፣ በግራዬ። ወዲያው ጠፋ።

«ዙርና ራስህ አንሳው» አለ ድምፁ።

አንገቴን ማዞር ጀመርኩ።