የትራም ነጂው የስፌት መኪና

“በዚያ በኩል ያዝ እንጂ! እንዲህ ብቻዬን ከጎተትኩት እኮ ወለሉን ይልጠዋል” አለች ኢንሺራህ፣ የስፌት መኪናውን ጠርዝ እንደያዘች።

ሸውቂ አልያዘም። የበረንዳውን በር ተደግፎ ሰማዩን ያያል። ከባሕሩ በኩል የመጣው ደመና ጣሪያዎቹን ሊነካ ምንም አልቀረው።

“በረንዳ አላወጣውም። ሊዘንብ ነው።”

“ይዝነብበታ! ብረት አይደለም እንዴ?”

“ብረት ስለሆነ እኮ ነው።”

ኢንሺራህ እጇን አራገፈች። የልጃቸው የራንዳ እጮኛ ከእናቱ ጋር ሊመጣ ነው። እናትየው፣ ሐጃ ሙኒራ፣ ለብዙ ዓመታት የትምህርት ቤት ርዕሰ መምህርት የነበሩ ሴት ናቸው።

“የልብስ ሰፊ ሱቅ ቢኖርህ አፌን ሞልቼ እናገር ነበር። ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ተቀምጦ እንደ ልጃገረድ የትራስ ልብስ የሚሰፋ ወንድ ግን ለሰው ምን ብዬ ላስረዳው?” አለችና ጥልፍ ጨርቅ አምጥታ መኪናውን ሸፈነችው። ላዩ ላይም የአበባ ማስቀመጫ ጫነችበት።

ሸውቂ እስክንድርያ ውስጥ ሠላሳ ሁለት ዓመት ትራም ነድቷል። ጡረታ በወጣበት ክረምት፣ ቁጭ ባለበት ሁሉ እግሩ ሳያዘው ወለሉን ይረግጥ ነበር። አንድ ቀን በአሮጌ ዕቃ ሻጮች ሰፈር ሲያልፍ ጥቁር፣ የወርቅ ቀለም ሐረጉ ግማሹ የለቀቀ፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪና አየ። ሻጩ እንደ ባለሙያ ቆጥሮት “እስቲ ርገጠው፣ ኡስታ” አለው። ረገጠው። የቆዳው ጠፍር ተሳበ፣ መዘውሩ ዞረ፣ መርፌው ወርዶ ወጣ። ትራሙን ያስኬድ የነበረው ከላይ ከሽቦው የሚመጣ ኃይል ነው፤ መብራት ሲጠፋ ከነተሳፋሪው ይገተራል። ይኸኛውን ግን የሚያስኬደው የገዛ እግሩ ነው። በዚያው ቀን በጋሪ አስጭኖ ወደ ቤቱ ወሰደው።

መጀመሪያ የሰፋው የትራስ ልብስ ተጣሞ ትራሱ አልገባ አለው። ፈታው፣ እንደገና ሰፋው። ክዳኑን ሲከፍት እያንዳንዱ ጥርስ፣ እያንዳንዱ ብሎን ፊት ለፊት ይታየዋል። አንድ ጠብታ ዘይት ጠብ ሲያደርግለት ድምፁ ይለሰልሳል። ስፌቱ ቀጥ ብሎ በሄደ ጊዜ ደግሞ ሐዲድ ይመስለዋል፤ ያን ጊዜ ኢንሺራህ ለምሳ ሦስት ጊዜ ብትጠራውም አይሰማትም።

እንግዶቹ ዝናቡ እንደጀመረ ደረሱ። ሐጃ ሙኒራ ከተቀመጡ በኋላ ዓይናቸው ከጨርቁ ሥር ብቅ ያለው የብረት እግር ላይ አረፈ። ተነሥተው ጥልፉን ገለጥ አደረጉት።

“ወይ ጉድ! እንዲህ ያለውን ካየሁ ስንት ዘመኔ! የማነው?”

ሸውቂ አፉን ሳይከፍት ኢንሺራህ ቀደመችው። “የኔ ነው፣ ሐጃ። ከእናቴ የወረስኩት ነው።”

ራንዳ አንገቷን ደፋች። ሐጃ ሙኒራ ግን ፊታቸው በራ። ከጎናቸው ካስቀመጡት ቦርሳ ውስጥ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ነገር አወጡ። እሳቸው ያገቡበት የሐር ቀሚስ ነው፤ ራንዳ እንድታገባበት ያመጡት።

“ለልጅቷ ይሰፋታል፣ መጥበብ አለበት። ሦስት ልብስ ሰፊ ጋ ወስጄ ፈርቼ መለስኩት። አንቺ ካለሽማ ለማን እሰጣለሁ?”

ኢንሺራህ ቀሚሱን ተቀበለች። ቁልፍ መትከል እንኳን የማይሆንላት ሴት፣ ቀሚሱን እንደታቀፈች ባሏን በዓይኗ ወደ ወጥ ቤት ጠራችው።

“አንተ ትሰፋዋለህ፣ እኔ ሰፋሁት እላለሁ” አለች በሹክሹክታ። “ምን ይጎድልብሃል?”

“ሐር እኮ ነው። ሐር ነክቼ አላውቅም።”

“ትችላለህ።”

መስፋት ከጀመረ ወዲህ ባሉት ሦስት ዓመታት ውስጥ እንዲህ ስትለው የመጀመሪያዋ ነበር። ደስ ሊለው ሲል ከፋው። ቀሚሱን ከእጇ ወስዶ ወደ ሳሎን ተመለሰ።

“ሐጃ፣ መኪናው የኔ ነው” አለ ሳይቀመጥ። “የምሰፋውም እኔ ነኝ። ገና ሦስት ዓመቴ ነው፣ ሐርም ቆርጬ አላውቅም። ሳያውቁ ጥለውት እንዳይሄዱ ብዬ ነው። በሌላ ሰው መንጃ ፈቃድ ተሳፋሪ ጭኜ አላውቅም።”

የሐጃ ሙኒራ ልጅ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እናትየው ገላምጠውት ቀሚሱን ተቀበሉ፣ ቀስ ብለው አጣጥፈው ወደ ቦርሳቸው መለሱ። “ላስብበት” ብቻ አሉ። ሻያቸውን ሳይጨርሱ ወጡ።

“ልጅህ ፊት፣ አማቶቿ ፊት፣ ውሸታም አደረግከኝ” አለች ኢንሺራህ በሩ እንደተዘጋ። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አላናገረችውም። እሱም መኪናው አጠገብ አልደረሰም።

በሦስተኛው ቀን ሐጃ ሙኒራ ሦስቱን ፎቅ ብቻቸውን ወጥተው፣ ቁና ቁና እየተነፈሱ በሩን አንኳኩ። ቦርሳው በእጃቸው ነው።

“ሦስቱም ልብስ ሰፊዎች ‘ይቺማ ቀላል ናት’ ነው ያሉኝ” አሉ። “ያስፈሩኝም ለዚህ ነው። እርስዎ ምን አሰቡ?”

ሸውቂ ወንበር ሳበላቸው። “ቀሚሱን አልነካውም። መጀመሪያ በአቡጀዲ እሰፋዋለሁ፣ ራንዳ ትለካው። ካልሆነ ደግሜ እሰፋለሁ። እርስዎ ‘ይሁን’ ሲሉኝ ብቻ ሐሩን እፈታለሁ።”

አቡጀዲውን ሁለት ጊዜ ፈትቶ ሰፋው። በሦስተኛው ሐጃ ሙኒራ ራንዳን አዟዙረው አዩና “ይሁን” አሉ። በማግስቱ ሐሩ ላይ ተቀመጠ። ጨርቁ ከጣቶቹ ሥር እንደ ውኃ ያመልጣል፤ መዘውሩን በእጁ እየያዘ፣ መርፌ በመርፌ ሄደ። የአንዱን ጎን ስፌት እንደጨረሰ ክሩ አለቀበት።

ኢንሺራህ ክሩ ማለቁን አይታ ወደ በረንዳው ወጣች። በገመድ የታሰረውን ቅርጫት ወደ ሰፈሩ ባለሱቅ ወደ ጊርጊስ አወረደችው። የገበያ ሰዓት ነው፣ መንገዱ በሰው ተሞልቷል።

“ነጭ የሐር ክር፣ ቀጭኑን!”

“ምነው የራንዳ እናት፣ ስፌት ጀመርሽ እንዴ?” አለ ጊርጊስ ከታች።

ሸውቂ እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣ።

“እኔማ ምን አውቄ!” አለች ኢንሺራህ፣ ድምፅዋ ማዶ ፎቅ ድረስ እየተሰማ። “ለባሌ ነው። የልጃችንን የሠርግ ቀሚስ የሚሰፋው እሱ ነው!”

ከታች አንድ ሁለት ሰው ሳቀ። ኢንሺራህ ግን ወደ ውስጥ አልገባችም። ጊርጊስ ክሩን መርጦ ቅርጫቱ ውስጥ እስኪጨምርላት ድረስ፣ ገመዱን ይዛ፣ መንገዱን ቁልቁል እያየች ቆመች።