የዲዩ አማት እጃቸውን አወጡ

ኑ ልጆቼ፣ ወደ ጥላው ጠጋ በሉ። ፕላስቲክ ወንበሯን ለነፍሰ ጡሯ ልቀቁላት፤ እኛን ምንጣፉ ይበቃናል። የምነግራችሁ ስለ ጎረቤቴ ስለ ዲዩ ነው።

ዲዩ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ያወርዳል። በቤት ማኅበራችን ደግሞ የኮሚቴ አባል ነበር፤ የጋራ ውኃ ታንከራችን ቁልፍ አንገቱ ላይ ይውላል። ጠዋት ይከፍትልናል፣ ማታ ይዘጋል።

በዚያ ሰሞን ሙቀቱ አያድርስ ነበር። አማቱ ኛሊየፕ ልጃቸውን፣ የዲዩን ሚስት ኛዳክን ሊጠይቁ ከትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ መጡ። እዚያ ውኃ የሚመጣው በተራ ነው፤ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ፣ ጀሪካኑን ሥሩ ትቶ ይሄዳል፤ ውኃው ሲመጣ ይሞላለታል። እሳቸውም ቅዳሜ ማታ ከጓሮ ያለውን ቧንቧ ከፈቱ። ጠብ አላለም። ጀሪካናቸውን አስቀምጠው ገብተው ተኙ።

እሑድ ጠዋት ዲዩ ታንከሩን ከፈተና ሁላችንም ቤተ ክርስቲያን ሄድን። ስንመለስ የሰፈሩ ውኃ በሙሉ አልቋል። ዲዩ ጓሮ ገብቶ የተከፈተውን ቧንቧ አየ፤ ዘጋው፤ ዝም አለ።

ሰው ግን ዝም አላለም። «በጋሪ ውኃ ለሚቸረችሩት ሸጦታል» ተባለ።

ኛዳክ እያለቀሰች እኔ ዘንድ መጣች። «እማማ፣ ቧንቧውን ከፍታ የተወችው እናቴ ናት። ዲዩ ግን አማቴን ሰው ፊት ከማዋርድ ልሙት አለ። እርስዎም እንዳይናገሩ፣ አደራ።» በእነሱ ባህል አማት እንዲህ ትከበራለች፤ አማች ፊቷ ምግብ እንኳ አይበላም።

ወደ ሊቀመንበራችን ወደ ወልደሥላሴ ሄድኩ። ክፉ ሰው አይደለም።

«ልጄ፣ ዲዩን በስብሰባ አትጠይቀው። ቤቱ ጎራ በልና ለብቻችሁ ተነጋገሩ።»

«የሚያውቁት ነገር ካለ ይንገሩኝ፣ እማማ።»

«አደራ ነው።»

«ማኅበር በአደራ አይተዳደርም እኮ። ደንብ አለን።»

ስብሰባው ሲጀመር ኛሊየፕ የእሑድ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። አማርኛ አያውቁም። ይህ ሁሉ ሕዝብ ለአማቻቸው ክብር የተሰበሰበ መስሏቸው ከኋላ በደስታ ተቀመጡ።

«ውኃውን ሸጠሃል?» አለው ወልደሥላሴ።

«አልሸጥኩም።»

«ታዲያ ማን አፈሰሰው?»

ዲዩ መሬት መሬት አየ።

«ዛሬ ምላሱንም ቆልፎበታል!» አለ አባንግ፣ የሰፈሩ ቀልደኛ። ሰው ሳቀ።

ተነሣሁ። «ይህ ልጅ ሌባ አይደለም» አልኩ። «ማስረጃዎ?» አሉኝ። ዲዩ ቀና ብሎ አየኝ፤ በዓይኑ ለመነኝ። ተቀመጥኩ።

«መልስ ያልሰጠ እንዳመነ ይቆጠራል» ብሎ ወልደሥላሴ ከደንቡ አነበበ። «ከኮሚቴው ይነሣ የምትሉ እጅ አውጡ።»

እጅ በእጅ ሆነ። ኛሊየፕ ዙሪያቸውን አዩ። እንደ ቤተ ክርስቲያን ለልጁ የሚጸለይለት መሰላቸውና ሁለቱንም እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ።

«አማቱ እንኳ ፈረዱበት!» አለ አባንግ።

ዲዩ ቁልፉን ከአንገቱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

ሳምንት ሳይሞላ ኛሊየፕ ባሮ ዳር ልብስ ሲያጥቡ፣ ቋንቋቸውን የሚናገሩ ሴቶች የዚያን ቀን እጅ የወጣው ለምን እንደነበረ ነገሯቸው። ውኃውስ እንዴት እንዳለቀ? ሌላ ሰው መንገር አላስፈለጋቸውም፤ ጀሪካናቸውን አስታወሱ። ያጠቡትን እርጥቡን ተሸክመው፣ ቤትም ሳይገቡ፣ ወደ መጠለያው የሚወስደውን የኢታንግን መንገድ ያዙ።

ዲዩ መጠለያው ድረስ ተከተላቸው። ፊታቸውን ሸፍነው ጀርባቸውን ሰጡት። ኋላ ኛዳክም «እናቴ እህል አልቀምስ ብላለች» ብላ ልጆቹን ይዛ ሄደች። አልተመለሰችም።

ከዚህ ወዲያ የሚደበቅ ምን ቀረ? ሁሉን ለወልደሥላሴ ነገርኩት። ስብሰባ ጠርቶ ዲዩን ይቅርታ ሊጠይቅ ፈለገ፤ ዲዩ አልመጣም። እኔም ደጁ ቆሜ ጠራሁት።

«እማማ፣ ቁልፉን ቢመልሱልኝ ለማን ልከፍት ነው?» አለኝ ከውስጥ። በሩን አልከፈተልኝም።

አሁን ብቻውን ነው። ከቧንቧችን አይቀዳም፤ ጀሪካኑን ይዞ ባሮ ይወርዳል። ሰላም ስለው አንገቱን ይደፋል። ይሻለዋል እያልኩ ስጠብቅ ክረምቱ ገባ፣ ወጣ።

እናንተ ግን ልጆቼ፣ በዚህ ሲያልፍ ብታዩት መንገድ ልቀቁለት። ስሙ በክፉ ሲነሣ ብትሰሙም፣ ዲዩ ስለ ማን ብሎ ዝም እንዳለ አስታውሱልኝ፣ እባካችሁ።