ሲ ባሱ ወደ ታግሩት ሲወጡ

የሸለቋችን ምክር ቤት ሊቀመንበር ሲ ባሱ በቅሎ ላይ መታየት አይወዱም ነበር። የተመረጡት "መንገድ አስገባለሁ" ብለው ነውና፣ በቅሎ ላይ የወጡ ቀን የገዛ ቃላቸው ይታዘባቸዋል። ስለዚህ ከተመረጡ ወዲህ የሸለቆው ጫፍ ላይ ወዳለችው ታግሩት ደርሰው አያውቁም። ታግሩቶችም "መንገዱ ሲመጣ እሳቸውም ይመጣሉ" እያሉ ይስቁ ነበር።

ኋላ ግን ታግሩት የቧንቧ ውሃ ገባላትና መራቂ ተፈለገ። ምረቃ ደግሞ ሲ ባሱ ነፍሳቸው ነው። አዲስ ሱፋቸውን ለብሰው፣ ጥቁር መነጽር አድርገው፣ በጠዋት ታክሲ ያዙ።

የእኛ አገር ታክሲ ከሾፌሩ ሌላ ስድስት ሰው ይጭናል። ሊቀመንበሩ የፊቱን ወንበር ከአንድ ወፍራም ሥጋ ነጋዴ ጋር ተካፈሉ። ሾፌሩ ዛይድ ማርሽ በቀየረ ቁጥር ጉልበታቸውን ይጎስማቸዋል።

"መንገዱ ከምን ደረሰ ሊቀመንበር?" አለ ዛይድ፣ ታክሲውን ከጉድጓድ ጉድጓድ እያዘለለ።

"እየተጠና ነው።"

"እኛማ በየቀኑ እናጠናዋለን፤ በወገባችን!"

አስፋልቱ ሲያልቅ ከገበያ የሚመለስ የበግ መኪና ላይ ተሰቀሉ። አንድ ሙክት የኮታቸውን ጫፍ ያመነዥካል፤ እሳቸው "እሽ!" ይሉታል፤ እሱ መራጭ አይደለምና አይሰማም። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ጎርፉ መሻገሪያውን ወስዶታል። የበግ መኪናው ሾፌር ሞተሩን አጠፋ።

"በሉ ውረዱ። ከዚህ በላይ የሚሄደው አራት እግር ያለው ነው።"

ሊቀመንበሩ ጫማቸው እስኪርስ ተንገላተው ተሻገሩና ድንጋይ ላይ ቁጭ አሉ። ዱቄት የጫነች በቅሎዋን እየነዳች ከወፍጮ ስትመለስ ያገኘቻቸው የታግሩቷ ባልቴት ኢጦ ናት። በልጅነታቸው አዝላቸዋለች፤ ሹመታቸው አይታያትም።

"ምነው አንተ ልጅ፣ እዚህ ምን ጎለተህ? ና ውጣ!"

"ላላ ኢጦ፣ እመቤቴ፣ በበቅሎ? ሰው ያየኛል እኮ!"

"ታዲያ ዓይንህን ጨፍን።"

ኋላ ተስማሙ። በዱቄቱ ጆንያ ላይ በሆዳቸው ይተኛሉ፤ ኢጦ ብርድ ልብስ ታለብሳቸዋለች፤ መንደሩ ሳይደረስ ወርደው በእግራቸው ይገባሉ። እንዳይወድቁም በገመድ አሰረቻቸው። አስተሳሰሯ ጥሩ ነበር፤ አፈታቱ ነው ያልታሰበው።

ከመንደሩ በታች ኢጦ ቋጠሮው አልፈታ ብሏት ስትታገል፣ ሣር የሚያጭዱ ሴቶች ከብርድ ልብሱ ሥር የተንጠለጠለውን የተወለወለ ጫማ አዩ።

"ኢጦ! ማነው?"

ኢጦ መዋሸት አታውቅም። "ሊቀመንበሩ ናቸው።"

"ውይ! ከየት አመጣሻቸው?"

"ከወንዙ ነው ያነሳኋቸው።"

እሪታው ከበቅሎዋ ቀድሞ ታግሩት ገባ። ሲ ባሱ "ደህና ነኝ!" ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ ግን ተጋድመው፣ ታስረው፣ እንዴት ይባላል? ፊታቸውን መልሰው ጆንያው ላይ ደፉ። ለምረቃ የተሰበሰበው ሕዝብ ለቅሶ ሆኖ ጠበቃቸው።

"አላህ ይማራቸው፣ ደግ ሰው ነበሩ" አለ ሽማግሌው ሐዱ።

"ምን አደረጉልን?" አለ አንዱ።

ሐዱ ብዙ አሰበ። "አላስቸገሩንም። አንድ ቀን እንኳ መጥተው አላስቸገሩንም።"

"ወንበራቸውን ማን ይይዘው ይሆን?" አለ ሌላው፣ እንባውን ሳይጠርግ።

ብርድ ልብሱ ውስጥ ሲ ባሱ በሐፍረት ነደዱ፤ የወንበሩ ነገር ሲነሳ ግን ሐፍረቱ ወደ ንዴት ዞረ። ትንፋሻቸውን ሲስቡ ዱቄቱ አፍንጫቸው ገባና አስነጠሳቸው።

ለቀስተኛው ተበታተነ። ኢጦ ገመዱን በማጭድ ስትቆርጠው ሊቀመንበሩ ከጸጉር እስከ ጫማ ነጭ ሆነው በቅሎዋ ላይ ቀና አሉ። ሰው እየሳቀ መመለስ ጀመረ፤ ሐዱ ሆዱን ይዞ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሲ ባሱ ዙሪያቸውን አዩ። ከዚያ በሕይወታቸው ምርጡን ንግግር አደረጉ።

"ወገኖቼ! ሌላው ሊቀመንበር በመኪና ይመጣል። እኔ እንደናንተው በበቅሎ መጣሁ!"

ገደሉ ጭብጨባውን አስተጋባው። ቧንቧው ሲከፈት ሳል ሳል አድርጎ ውሃ ሰጠ። በሚቀጥለው ምርጫ ሲ ባሱ ካለፈው በበለጠ ድምፅ አሸነፉ፤ መንገዱን አንድም ሰው አላነሳባቸውም።

አሁን በሸለቋችን ምርጫ ሲደርስ ተወዳዳሪ ሁሉ መኪናውን ከአልሞንድ ዛፎች ጀርባ ደብቆ በቅሎ ይለምናል። የኢጦ በቅሎ ትፈለጋለች፤ ሰው ገድ አላት ብሎ ያምናል። ኢጦ ግን በገበያ ቀን ለማንም አታከራያትም፤ ዱቄት አለባት።