ይቡ አርባ ደቂቃ ነው

ስልኬ የጮኸው ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነው። በሆቴሉ አዳራሽ ወንበር ደርድረን የተጋጣሚያችንን ቪዲዮ ልናይ ነበር። የደወሉት ሀጂ አብዱልፈታሕ ናቸው፤ የአጥቂያችን የሪያድ አጎት፣ የእናቱ ወንድም። ከይቡ፣ ከሪያድ ትውልድ ከተማ ነው የሚደውሉት። ሰላምታውን አሳጠሩት።

"ሲላስ ልጄ፣ እህቴ ሱዓድ አልፋለች። ሌሊት ደረቷን ያዛት፣ የሱብሂ ሶላት ሳይደርስ አረፈች። ኢናሊላሂ።"

"እግዚአብሔር ያጽናናችሁ" አልኩ።

"ቀብሩ ከዐስር ሶላት በኋላ፣ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አልፎ ነው። ለልጁ እንዳትነግረው፣ ማሎ፣ እባክህ። መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም። እናትህን ትንሽ አሟታል በለውና ይዘኸው ና፤ እኛ ተሰብስበን እንነግረዋለን። ሌላ ወንድ ልጅ የላትም፤ ጉድጓድ ወርዶ የሚያሳርፋት እሱ ነው። አደራ።"

"እሺ ሀጂ፣ ይዤው እመጣለሁ" አልኩ። በዚያች ደቂቃ እውነቴን ነበር።

ሪያድ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ ከበረኛው ጋር ይሳሳቃል። ስልኩ ከሌሎቹ ጋር እኔ እጅ ባለው ፌስታል ውስጥ ነው። በጨዋታ ቀን ከሁለት ሰዓት ጀምሮ ስልክ የሚሰበሰብበትን ሕግ ያወጣሁት ራሴ ነኝ። በጨዋታ ቀን ስልክ ወሬ እንጂ ጎል አያመጣም እል ነበር፤ ተጫዋቾቹም ከኋላዬ "ፓስተሩ" ይሉኛል። ጴንጤ መሆኔን ለመንካት ነው፤ ግድ የለኝም።

ከጅማ ይቡ በመኪና አርባ ደቂቃ ነው። ጨዋታው ስምንት ሰዓት ይጀምራል።

እኔ እግር ኳስን የማውቀው ከታች ነው። አጋሮ ላይ ጎማ ኮከብ በሚባል ክለብ አሥራ ሁለት ዓመት በግራ ተከላካይነት ስጫወት አንድም ቀን ቴሌቪዥን ላይ አልታየሁም። በበጋ አቧራ፣ በክረምት ጭቃ። ቡና ለቀማ ሲደርስ ግማሹ ቡድን ለቀማ ይወርድና በስምንት ሰው ልምምድ እንሠራ ነበር። ጉልበቴ ሲያልቅ ጅማ መንደራ ቆጪ ሰፈር ሜዳ ላይ ልጆች ማሠልጠን ጀመርኩ፤ እየቆየሁ ኮርሱን ወሰድኩ፣ ላይሰንሱን አንድ በአንድ ያዝኩ፣ ፕሪምየር ሊግ ያለው ጊቤ ስፖርት ክለብ ምክትል አድርጎ ቀጠረኝ። ዋናው አሰልጣኝ ከወር በፊት ሲሰናበት ተጠባባቂ ሆንኩ። በዚያ ሳምንት ሊጉ ለውድድር ጅማ ገብቶ ነበር፤ ከተማው ሁሉ እያየኝ ነው። የክለቡ ፕሬዚዳንት ዐርብ ዕለት ትከሻዬን ይዞ ሳይሸሽግ ነገረኝ፤ "ነገ ካሸነፍክ ወንበሩ ያንተ ነው። ካላሸነፍክ ከአዲስ አበባ ያነጋገርነው ሰው አለ።"

የቡድኑን ግማሽ ጎል ያገባው ደግሞ ሪያድ ነው።

ሪያድን ከሦስት ዓመት በፊት ያገኘሁት ይቡ ላይ፣ የባሕር ዛፍ አጣና ግብ በሆነበት ሜዳ ነው። ቤታቸው ሄጄ ልውሰደው ስል እናቱ ወይዘሮ ሱዓድ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ "ኳሱ እንጀራ ይሆነዋል?" ይሆነዋል አልኳቸው። "እንግዲህ አደራህን" አሉና እስከ አስፋልቱ ሸኙኝ። ጅማ ለሕክምና ሲመጡ ሁሉ ሳይጠይቁኝ አይመለሱም ነበር።

ያን ቀን ያሰብኩትን አልደብቅም። ያሰብኩት ስለ ወይዘሮ ሱዓድ አይደለም፣ ስለ ጋሽ ገበየሁ ነው። ጋሽ ገበየሁ አጋሮ ላይ አሰልጣኜ ነበሩ። ከአሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ ጅማ መርካቶ በሚገኝ የቡና መጋዘን ጆንያ ይሸከም የነበረው አባቴ ሲሞት እኔ አጋሮ ሜዳ ላይ ነበርኩ። እህቴ ሐዳሳ ጠዋት ለክለቡ ደውላ ነግራለች። እኔ ግን ዘጠና ደቂቃ ተጫውቼ፣ ታጥቤ፣ ሙዝ በልቼ ነው የሰማሁት። ጅማ ስደርስ አባቴ ተቀብሯል። ጋሽ ገበየሁ ለቅሶ ሲመጡ ፊቴን አዞርኩባቸው፤ ከዚያ በኋላ ስልካቸውን አንስቼ አላውቅም።

እና በዚያ ጠዋት ፌስታሉን ይዤ ቆሜ፣ "እኔም ተደርጎብኛል" አልኩ በልቤ። አሰልጣኝ መሆን ይኸው ነው፤ እሳቸውም እንዲህ ነው ያደረጉት፤ እኔ አልሞትኩም፣ ሪያድም አይሞትም። ሆድ ይፍጀው አልኩና ስልኬን አጠፋሁ። ቪዲዮውን ከፈትኩ።

የፈራሁ ይመስለኛል። ከዚያ በኋላ ግን ፍርሃቱም ጠፋ። እግር ለረጅም ሰዓት ታጥፎ ሲቆይ እንደሚሆነው፣ ልቤ የራሴ መሆኑን እያወቅሁ አይሰማኝም ነበር።

የመጀመሪያው አጋማሽ ባዶ ለባዶ አለቀ። ሪያድ ጥሩ አልነበረም፤ ሁለት የሚያስቆጩ ኳሶች አመለጡት። መልበሻ ክፍል ስንገባ ሌሎቹ ውሃ ሲሻሙ እሱ ወደ እኔ መጣ።

"ኮች፣ ቀይረኝ።"

"ምን ሆነሃል? ተጎድተሃል?"

"አልተጎዳሁም። እንጃ፣ ልቤን ከበደኝ። ማታ ለእናቴ፣ ለሃርሜ ስደውል ድምጿ ደክሞ ነበር፤ ጠዋት ልደውል ስል ስልክ ሰበሰባችሁ። ቀይረኝ፣ አንዴ ልደውልላት።"

ሰዓቴን አየሁ። ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ይቀረዋል። የክለቡ መኪና ከሜዳው በር ላይ ቆሟል። አሁን ብንነሳ ዐስር ሳይሰገድ እንደርሳለን። ይህን ሁሉ በደንብ አሰብኩ፤ አላሰብኩም ማለት አልችልም።

"አርባ አምስት ደቂቃ ነው የቀረህ" አልኩት። "ከዚያ እስኪበቃህ ታወራለህ።"

ራሱን ነቀነቀና ጫማውን ማሰር ጀመረ። ታዛዥ ልጅ ነው።

በሰባ ስምንተኛው ደቂቃ ከቀኝ የተሻገረችውን ኳስ በግንባሩ አስቆጠረ። ስታዲየሙ ተናጋ፤ ምክትሌ አንገቴ ላይ ተጠመጠመ፤ ከኋላችን "ሲላስ! ሲላስ!" ይላሉ። ስሜ በሜዳ ሲጠራ በሕይወቴ የመጀመሪያዬ ነው። ምንም አልተሰማኝም። የመቀየሪያ ሰሌዳውን የያዘውን ሰው እያየሁ፣ ቀለሙ የተላጠ መሆኑን ልብ አልኩ።

ፊሽካው ከተነፋ በኋላም ወዲያው አልወጣንም። ቴሌቪዥኑ ጠየቀኝ፤ "ድሉ የተጫዋቾቼ ነው" አልኩ። ሪያድ የጨዋታው ኮከብ ተብሎ ዋንጫ ቢጤ ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሳ። ያኔ ወደ ጎን ሳብ አድርጌ ሀጂ ያሉኝን ቃል በቃል ነገርኩት፤ "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ይቡ ደርሰን እንምጣ።" ስልኩን አልሰጠሁትም፣ ፌስታሉ ሆቴል ቀርቷል አልኩት። ያ እንኳ እውነት ነበር።

መንገዱ ግራና ቀኝ ሊደርቅ የተሰጣ ቡና ነው። ኅዳር ነው፤ ሰው ሁሉ ለቀማ ላይ ነው። ሪያድ ዋንጫዋን ጭኑ ላይ አድርጎ፣ "ይቺን ሳሳያት ይሻላታል፣ ታያለህ" አለኝ። መሪውን ያዝኩ። አርባ ደቂቃ ነው፤ አንዲት ደቂቃ አልጨመረም።

ስንደርስ ወንዶቹ ከመቃብር እየተመለሱ ነበር። ጫማቸው ላይ ቀይ አፈር አለ። ሪያድ አፈሩን አየ፣ ሰዎቹን አየ፣ ከዚያ ድንኳኑን። ማንም ምንም አልነገረውም። ዋንጫዋን መኪናው ወንበር ላይ በቀስታ አስቀምጦ በሩን ዘግቶ ነው መሬት ላይ የተቀመጠው። ከዚያ ጮኸ።

ሀጂ አብዱልፈታሕ ልጁን አቅፈው ከቆዩ በኋላ ወደ እኔ ዞሩ። ብዙ አዩኝ። ሰው ተሰብስቧል፤ ለቅሶ ላይ ደግሞ ጥል አይነሳም። "ስልክህ እንቢ ብሎኝ ነበር" አሉ ሁሉም እንዲሰማ። "ዘግይተህ ነው የሰማኸው፣ አይደል?"

"አዎ" አልኩ።

ሪያድ በሁለት እጁ እጄን ያዘና "ኮች፣ አላህ ይስጥህ፤ እንደሰማህ አመጣኸኝ" አለኝ።

ማክሰኞ ውሉን ፈረምኩ። ፎቶዬ ፌስቡክ ላይ ወጣ፤ የመንደራ ቆጪ ባጃጆች እንኳ ክላክስ እያደረጉ ያልፉኛል። ባለቤቴ ናዝራዊት ኬክ ገዛች። በላሁ። ቀምሼው ምን እንደሚል ግን ልነግራችሁ አልችልም። "ደስ አላለህም እንዴ?" አለችኝ። ደክሞኝ ነው አልኳት።

ረቡዕ ጠዋት ወደ አጋሮ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ጋሽ ገበየሁ "እንኳን ደስ አለህ" የሚል መልእክት ልከውልኝ ነበር። ልሄድ የተነሳሁት ይቅር ልላቸው ነው። አሁን ወንበሩን አውቄዋለሁ፣ አሁን እኩል ነን ብዬ ነው፤ ትንሽ ኩራትም ነበረብኝ። ከስኳር በሽታ ጋር የሚኖሩ ሽማግሌ ሆነዋል፤ በረንዳቸው ላይ እግራቸውን በርጩማ ላይ ሰቅለው አገኘኋቸው።

"ጋሽ ገበየሁ፣ ይቅር ብዬዎታለሁ" አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

"ስለ ምኑ?"

"ስለ አባቴ። ጠዋት ሰምተው ስላጫወቱኝ። ያኔ አልገባኝም ነበር፤ አሁን ገብቶኛል።"

 እግራቸውን ከበርጩማው አወረዱ።

"እኔ ጠዋት አልሰማሁም" አሉ። "የእህትህን ስልክ ያነሳው የክለቡ ጸሐፊ ነው። ከጨዋታ በኋላ ይነገረዋል ብሎ ለራሱ ያዘው። እኔ የሰማሁት አንተ ሙዝ ስትበላ ነው። ሰምቼ ቢሆን ኖሮ በስምንት ሰው ሲጫወቱ ይዋሉ እንጂ አንተን ይዤ እወርድ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም?"

"ለቅሶህ ላይ መጥቼ ፊትህን አዞርክ። ሐዘንተኛን ማን ይከራከራል? ደግሞ ክለቡ የኔ ክለብ ነበር፤ ጥፋቱ እኔንም ይነካል።" ሳቅ አሉ። "ጸሐፊው ይባረር ብዬ ስጮህ እኔን አባረሩኝ። ከዚያ ወዲያ ማንም አልቀጠረኝ። ተወው፣ ያለፈ ነው። ይልቅ ያ አጥቂህ፣ ያ የይቡው ልጅ፣ እናቱ ሞተችበት አሉ። መርዶውን እንዴት አረጋችሁ?"

የመለስኩላቸውን አላስታውስም። የማስታውሰው ለአሥራ ስድስት ዓመት አንድ ሰው ስጠላ ኖሬ፣ ያ ሰው ባላደረገው ነገር አመካኝቼ እኔ እንዳደረግሁት መረዳቴን ነው። ጥፋቴን የማላክክበት ሰው አልነበረም። አፈርኩ። ከቅዳሜ ወዲህ የተሰማኝ የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ስመለስ ሚኒባሱ ይቡ ሲደርስ "ወራጅ አለ" አልኩ።

ድንኳኑ ፈርሷል። ሪያድ ከጓሮ፣ የእናቱን ቡና በማድረቂያ አልጋው ላይ በእጁ ያገላብጣል። የለቀሙት እሳቸው ናቸው፤ ገና ግማሹ እርጥብ ነው። ሲያየኝ ደስ አለው፣ ወንበር ሊያመጣ ተነሳ።

"ተቀመጥ" አልኩት። "ቅዳሜ አጎትህ የደወሉልኝ በአራት ሰዓት ነው። በአራት ሰዓት አውቄአለሁ። ስልኬን ያጠፋሁት እኔ ነኝ።"

ወንበሩን ትቶ ወደ ቡናው ተመለሰ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢመታኝም ደስ ባለኝ። እሱ ግን ወደ እኔ አላየም። አንድ የጠቆረ ፍሬ ለቀመና ጣለ፣ ሌላ ለቀመና ጣለ።

"እረፍት ላይ ቀይረኝ ብዬህ ነበር" አለ።

"ብለኸኝ ነበር" አልኩ።

 እኔም ከአልጋው ማዶ ቆሜ የጠቆረውን ከእናቱ ቡና መልቀም ጀመርኩ፤ ሂድም አላለኝ፣ ቆይም አላለኝ።