ጠገራዋ ፓሪስ ደርሳ ስትመለስ

«አትታጠብም ብያለሁ! ማንም እንዳይነካት!»

የቡርቱካን ድምፅ ነው። በእኔና በእነሱ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ኮምፔንሳቶ ስለሆነ እንኳን ጩኸት፣ ምራቅ ሲውጡም ይሰማል። ቀጥሎ ባሏ ጀንበሬ፣ «እንዲህ ጠቁራ ሰው ፊት እንዴት ትቀርባለች?» ሲል ሰማሁ። በቃ፣ አንዲት ሴት ሞታለች አልኩ። የምሰፋውን ልብስ ከነመርፌው ወርውሬ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ገና ከበሩ «እኔን ይድፋኝ!» እያልኩ ገባሁ።

ሁለቱም አፋቸውን ከፍተው አዩኝ። ጀንበሬ በአንድ እጁ ግማሽ ሎሚ፣ በሌላው አመድ ያለበት ጣሳ ይዟል። ቡርቱካን አንገቷ ላይ ያለችውን ጠገራ ብር በመዳፏ ሸፍናለች።

«ማን ሞተ?» አለኝ ጀንበሬ ደንግጦ።

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የናንተው ሬሳ አይደለም እንዴ!»

ነገሩ ሲገባት ቡርቱካን እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ያን ሳቋን ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ከዚያ ወዲህ የዚያች ብር ነገር ተነስቶ ስትስቅ አላየኋትም።

ብሯ የምኒልክ ብር ነች። ማንጠልጠያ ተበይዶላት በጥቁር ክር የምትታሰር፣ የቡርቱካን እናት ለታናሽ ልጃቸው ለዓይናለም የሰጧት። ዓይናለም እዚህ ጅቡቲ፣ ካርቲየ 6 ሰፈር፣ እህቷ ጋ ጥቂት ሰንብታ፣ በኦቦክ ወደብ በኩል ወደ የመን ልትሻገር ስትነሳ፣ ባሕሩ ላይ እንዳይቀሟት ብላ ከአንገቷ ፈትታ ቡርቱካን አንገት ላይ አሰረቻት። «ስመለስ ራሴ ነኝ የምፈታት» አለች። እኔም ቆሜ ነበር። ከዚያ ወዲህ ቡርቱካን ስትተኛም አላወለቀቻት፣ ገላዋን ስትታጠብም አላወለቀቻት። የጅቡቲ ላብ ብሯን አጠቆራት፤ ብሯ ደግሞ የቡርቱካንን ደረት። «እህትሽ ማኅተም መትታብሽ ሄደች» እያልኩ እቀልድባት ነበር።

እንግዲህ የመን ጦርነት ተነሳ። ዓይናለም ሁደይዳ ነበረች። ስልኳ አንዳንዴ ይሠራል፣ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ስትገኝ የምትለው አንድ ነገር ነው፦ ጀልባ አለ፣ የምከፍለው የለኝም።

ቡርቱካን የምትሠራው ሀራሙስ ሰፈር፣ አንድ የፈረንሳዮች ቤት ነው። የማዳሟ እንግዳ ሆኖ የመጣ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ ሙሴ፣ ሾርባ ስታቀርብለት ሾርባውን ትቶ ደረቷ ላይ ማፍጠጥ።

«ማዳም ፊት?» አልኳት ስትነግረኝ።

«ብሯን ነው፣ አንቺ ባለጌ!»

ለካ ሰውየው የድሮ ብር ሰብሳቢ ነው። በማጉያ መነጽር አገላብጦ አያትና፣ በተጻፈባት ዓመተ ምሕረት የተመታች ብር እንደ ልብ አትገኝም አላት። ማንጠልጠያዋ ዋጋዋን ቢቀንሰውም ፈላጊ አታጣም። ግን አስመስሎ የሚሠራው ስለበዛ፣ መርምረው እውነተኛነቷን የሚያረጋግጡና ደረጃ የሚያወጡ ባለሙያዎች አሉ፤ ፓሪስ ስሄድ ልውሰድልሽ አላት። ደረጃዋን በቁጥር ጽፈው፣ በማይከፈት ላስቲክ አሽገው ይመልሷታል። ጥሩ ቁጥር ካገኘች እኔው እገዛታለሁ አለ። አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቃት፤ እንዳትታጠብ፣ እንዳትነካካ። ጥቁረቷ ዕድሜዋ ነው፣ የተፈተገች ብር ደረጃ አታገኝም።

ጀንበሬ ሎሚ የጨመቀላት ለዚህ ነበር፤ ፓሪስ ቆሽሻ እንዳትሄድ። ከኔ ለቅሶ በኋላ ቡርቱካን ላቧም እንዳይነካት ብላ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በገዛ እጇ ፈታቻትና በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ አስቀመጠቻት። እዚያው ደረቷ ላይ ብትተዋት ኖሮ እላለሁ አንዳንዴ። እሷ ግን ሁልጊዜ ነው የምትለው።

ሙሴው የሚሄደው ቅዳሜ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ልስጥ፣ አልስጥ ስትል ሰነበተች።

«የሰው አደራ ነው፣ ሻሼ» አለችኝ።

«የልጅቷን ብር ሸጠሽ ልጅቷን ልታመጪ ነው። ምን ክፋት አለው?»

«መጥታ አንገቴን ብታየውስ? ምኑን ትፈታለች?»

«ታዲያ ጠይቂያታ።»

ደወለች። ያቺ ስልኩ ውስጥ በአረብኛ የምትናገረዋ ሴት አሁንም ደንበኛዋ አይገኙም አለች። «ይቺኛዋ እንኳ ጠፍታ አታውቅም» አልኩ። አልሳቀችም።

ጀንበሬን ብትጠይቁት ነገሩ ያለቀ ነው። የባቡር ሠራተኛ ነበር። ባቡሩ ከቆመ በኋላም በየጠዋቱ የተተኮሰ ሸሚዙን ለብሶ አሮጌው ጣቢያ ደጃፍ ከጓደኞቹ ጋር ይቀመጣል፤ የሚመጣ ነገር ያለ ይመስል። ዕቃ ሲላክ አሳምሮ መላክ ነው፣ ሌላ ነገር አያውቅም። ክፋት የለበትም፤ ክፋት ቢኖርበት ኖሮ ለቡርቱካን ይቀላት ነበር።

ዓርብ ማታ ቡርቱካን ደጄ ላይ መጥታ ቆመች። ፊቷ ፈክቷል።

«አልሰጠውም» አለችኝ። «ከማዳም እበደራለሁ፣ ከአንቺም እበደራለሁ። ጠገራዋ እንዳለች ትጠብቃት።»

«ከኔ የምትበደሪው ክር ብቻ ነው» አልኳት። እውነትም ብሯን መልሳ ልታስርበት ጥቁር ክር ሰጠኋትና አብረን ወደ ቤቷ ገባን።

ሣጥኑን ከፍታ ጨርቁን ፈታችው። ብሯ ቦግ አለች፣ አዲስ የቧንቧ ራስ ትመስላለች። ማንጠልጠያዋ የለም።

ጀንበሬ ከተቀመጠበት ሳይነሳ፣ «አላጠብኳትም!» አለ።

ቡርቱካን ብሯን ወደ መብራቱ አስጠጋቻት። እኔ ነኝ፣ «ምን አደረግካት ታዲያ?» ያልኩት።

«ነቢል ጋ ወሰድኳት፣ አንጥረኛው ጋ። ማንጠልጠያዋን አነሳልኝ። ለመታወቂያ ፎቶ ስትነሺ ሻሽሽን ታወልቂ የለም እንዴ? እሷም ፊቷ ይታይላት ብዬ ነው።»

«ይሄ ሁሉ ማብረቅረቅስ?»

«የበየዳው ጠባሳ እንዳይታይ በማሽን አለሳለሰልኝ። ለሱም አላስከፈለኝም።»

እንዲህ የተደሰተ ሰው ላይ እንዴት ይጮሃል? ቡርቱካንም አልጮኸችም። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በጣቷ የማንጠልጠያውን ቦታ ፈለገችው፤ ለስላሳ ነው፣ ምንም የለም። ከዚያ የሰጠኋትን ክር አጣጥፋ መለሰችልኝ።

«እንግዲህ ትሂድ» አለች። «ዓይናለም ያሰረችልኝ ይቺን አይደለም።»

በነጋታው ሙሴው አየና ቅንድቡን አነሳ አሉ። ቡርቱካንን ላለማሳፈር ይሁን፣ የብሯን እውነተኛነት ለማወቅ ጓጉቶ ይሁን እንጃ፣ ይዟት ሄደ።

ዓይናለም የመጣችው ብሯ ፓሪስ ሳለች ነው። በኦቦክ በኩል፣ ሁደይዳ ፍየል አራግፎ ባዶውን በሚመለስ ጀልባ። ባለ ጀልባው እሷንና ሌሎች ስደተኞችን የጫነው በነጻ ነው። ከስታለች፤ አንድ የፊት ጥርሷ የለም፤ ክንዷን የሸፈነችበትን ሻርፕ በዚያ ሁሉ ሙቀት አላወለቀችውም። እኛም አውልቂ አላልናትም። በልታ፣ ጠጥታ፣ ቡርቱካንን አቅፋ ስታበቃ ብሯን ልትፈታ እጇን ወደ እህቷ አንገት ሰደደች። ቡርቱካን ያን እጅ ያዘችና፣ «ሐኪም ጋ ልኬያታለሁ፣ ትመጣለች» አለች። ስለ ጨነቃት ነው እንጂ ውሸታም ሴት አይደለችም።

ብሯ የመጣችው በማዳም ሾፌር እጅ፣ በፖስታ ነው። ላስቲኩ እንደተባለው ወፍራም፣ የጠራ፣ መክፈቻ የሌለው። ከላዩ ጽሑፍ አለው፤ ቁጥር የለውም። ቡርቱካን ማዳሟን አስነብባ አጥንታው መጣች።

ዓይናለም ላስቲኩን አገላበጠች። በጥፍሯ ጠርዙን ሞከረች። ወደ ጆሮዋ አስጠግታ ነቀነቀችው፤ ብሯ ኮሽ አላለችም።

«መዶሻ ላምጣ?» አለ ጀንበሬ።

«አንተ እባክህ ከእንግዲህ ምንም አታምጣ» አልኩት።

ቡርቱካን መሬት መሬቱን እያየች፣ «ላንቺው ብዬ ነበር» አለች። «አንቺን አመጣበታለሁ ብዬ።»

«አውቃለሁ። ምን ይላል ይሄ ጽሑፍ?»

ቡርቱካን ወደ እኔ አየች፤ እኔ ወደ ግድግዳው አየሁ።

«እውነተኛ ነች ይላል። ግን ተጎድታለች። የነበራት ማንጠልጠያ ተነቅሏል፣ ተፈትጋለች። ደረጃ አይወጣላትም ይላል።»

ዓይናለም ሻርፗን ክንዷ ላይ ሳብ አድርጋ ላስቲኩን ጉልበቷ ላይ አኖረችው።

«እኔን የት አይተውኝ ነው እንዲህ የጻፉት?» አለች።