ተሸናፊ ውሃ ይቅዳ

ባቻን ዛሬም አልወደውም። ይቅር ብዬዋለሁ ብል ውሸት ይሆናል፤ እኔ ደግሞ መዋሸት ሳልችልበት ነው ያረጀሁት።

ባቻ የሟቹ ባሌ የተረፋ ታላቅ ወንድም ነው። ጉቴ ከተማ አጠገብ ጭቃ ሹም ነበርና በሄደበት ሁሉ ሰው ከመቀመጫው ይነሣለታል። ሙሽራ ሆኜ እቤታቸው ስገባ፣ ተሰብስበን በቆሎ ስንፈለፍል እሱ ጨዋታ ያመጣል። «ስለ ጅብ ጅራት ማንም እንዳያስብ» ይላል። ያሰበ ሰው «አሰብኩ» ብሎ ያምናል፤ ተሸናፊ ውሃ ይቀዳል። ታዲያ አንድ ቀን ወደ እኔ ዞረና፣ «ሎሚ፣ የአባታችንን ስም እንዳታስቢ» አለኝ።

በእኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም። ለጉ እንለዋለን። እኔም አማቴን «ጎፍታ» እያልኩ ነው የኖርኩት፤ ጌታዬ ማለት ነው። ባቻ እንዳታስቢ ሲለኝ ስሙ ዘሎ መጣብኝ። ፊቴ ጋለ። «አሰብኩ» አልኩ፤ ቤቱ በሣቅ ፈረሰ። ከዚያ ወዲያ የጅብ ጅራት ቀረ፤ ሁልጊዜ የአባቱ ስም፣ ሁልጊዜ እኔ ወደ ወንዝ። አማቴ ብቻ፣ «ተዋት፤ ለጉ ለአፍ እንጂ ለሐሳብ አይደለም» ይሉት ነበር።

አማቴ ሞቱ፤ ተረፋም ብዙ ሳይቆይ ተከተላቸው። አባቱ የሰጡት መሬት ላይ እኔና ልጄ ደራርቱ ቀረን። ከሐዘን ሳልወጣ ባቻ፣ «ይህች የወንድሜ ገረድ ነበረች እንጂ ሚስቱ አይደለችም፤ መሬቱን ትልቀቅ» ብሎ ነቀምት ላይ ከሰሰኝ። ገረድ! በሠርጌ ቀን ሰንጋውን የጣለው እሱ ራሱ ነው። ጎረቤቶቼን ለምስክርነት ጠራሁ፤ ጭቃ ሹሙን ሲያዩ ምላሳቸው ተሳሰረ።

ዳኛው አቶ ዓምደሚካኤል የሚባሉ የሸዋ ሰው ናቸው። ኦሮምኛ አይሰሙም፤ መካከላችን አስተርጓሚው ሞረዳ ቆሟል። ባቻ አማርኛ ይችላልና እጅ ነሥቶ፣ «ሚስት ከሆነች የአባቴን ስም ትናገር» አላቸው። ይህ እባብ! እንደማልጠራ ያውቃል።

ዳኛው ጠየቁኝ። «ምራት ነኝ፤ በልማዳችን የአማቴን ስም አልጠራም» አልኩ። ሞረዳ አስተረጎመ።

«እንዲህ ያለ ልማድ አላችሁ ወይ?» አሉት ባቻን።

«ጌታዬ፣ እኛ ወንጌል የተቀበልን ሰዎች ነን። ለጉ የሚባል ነገር ከቤታችን ከወጣ ቆየ። ስሙን ስላላወቀችው ነው» አለ፤ ዓይኑን እንኳ ሳያሽ።

ደሜ ፈላ። «ባቻ» አልኩት፣ «ዛሬ ተራው ያንተ ነው። የወንድምህ ሚስት መሆኔን እንዳታስብ።»

ከዚያ የአማቴን ስም ጠራሁ። ያለ ጎፍታ፣ ባዶውን። ባቻ ፈገግ እንዳለ ቀረ፤ ግንባሩ ላይ ግን ሥሩ ተገተረ። ደገምኩት፤ ከማዶ ሰው እንደሚጣራ ጮክ ብዬ። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌዎች አንገታቸውን ደፉ። አሁንም ያንኑ ስም ጠራሁና፣ «ና እግሬን እጠብ!» አልኩበት።

ባቻ ዘሎ ተነሣ። አማርኛው ሁሉ ጠፋው። «ኒቲን ኦቦሌሳ ኮ መቃ አባ ኮ ዋምቲ?» ብሎ አምባረቀ።

«ምን አለ?» አሉ ዳኛው።

ሞረዳ ባቻን አየ፤ እኔን አየ፤ ላቡን ጠረገ። «ጌታዬ፣ ‹የወንድሜ ሚስት የአባቴን ስም ትጠራለች ወይ?› ነው የሚለው።»

ዳኛው ወደ ጸሐፊው ዞሩ። «ቃሉን እንዳለ ጻፈው» አሉት።

«አሰብክ!» አልኩት ባቻን። «ተሸነፍክ!»

መሬቱ ለእኔና ለደራርቱ ተፈረደ። ደስ ይበልሽ ይሉኛል። ምኑ ነው ደስ የሚለው? ያኔ ምላሳቸው የተሳሰረ ጎረቤቶቼ፣ ዛሬ ገበያ ላይ «አማቷን እግር ልታሳጥብ ያማራት» ለማለት ምላሳቸው ተፈትቷል። እግሬን እጠብ ያልኳቸው ሰው ደራርቱን ስወልድ የአራስ ማር በገዛ እጃቸው ተሸክመው ያመጡልኝ ናቸው። ባቻ ገረድ ብሎ ከሰደበኝ ይልቅ በዚህ አፌ ይህን ያስባለኝ ያናድደኛል።

ደራርቱ ተድራ ሄዳለች። ብቻዬን ተቀምጬ በቆሎ ስፈለፍል «አታስቢ» እላለሁ ለራሴ። የአማቴ ስም ይመጣል፤ ያውም ፍርድ ቤት በጮህኩበት ድምፅ። «አሰብኩ» እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም። እንስራዬን አዝዬ ወደ ወንዝ እወርዳለሁ።